ያልተመነዘሩ ቼኮች

ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ፒያሳ የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዝናብ ነው። ተራዬ ደረሰ። ወያላው «ነይ ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው!» አለኝ። አልገባሁም። መሄድ ስላልፈለግኩ አይደለም፤ እግሬ እምቢ አለ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ዞር ብሎ አየኝና ገባ፣ ታክሲው ሄደ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። በዚያች ሰዓት «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልስ አልነበረኝም። የደረሰብኝ አንድ የተለየ ነገር የለም። ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጥቶ ራሴ ላይ ቆሞ ነበር።

በእግሬ ሄድኩ። አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ጋ ስደርስ ጫማዬ ውኃ ሞልቷል። ቀበና ስደርስ እያለቀስኩ ነበር። እማዬ በሩን ከፍታ ስታየኝ ምንም አልጠየቀችኝም። ፎጣ ሰጠችኝና ሻይ ጣደች።

ነገሩን ላስረዳችሁ። የምሠራው ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ «በኋላ እናየዋለን» የተባለው ሁሉ በዚያች አንድ ወር ተጠራርቶ ይመጣል። የዕቃ ቆጠራ አለ። ያልተወራረደ የውሎ አበል አለ። ፊርማ የጎደለው ቫውቸር አለ። የሦስት ባንክ ማስታረቂያ አለ፣ የኛን መዝገብ ከባንኩ ቁጥር ጋር ማገጣጠም ማለት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ለምጄዋለሁ። ግን በዚያው ወር እማዬ ለዓይኗ ከደብረ ብርሃን መጥታለች፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ቀዶ ሕክምናው ለሰኔ 19 ተቀጥሯል። የማታ ማስተርሴ የመመረቂያው ጽሑፍ ብቻ ነው የቀረው፣ ማስረከቢያው ደግሞ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። አከራያችን ኪራዩ ከ9,000 ወደ 14,000 ብር እንደሚያድግ ነግረውኛል። አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊፈተን ነው፣ ማትስ ላስጠናው ቃል ገብቼለታለሁ። የዕቁባችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ሐምሌ ውስጥ ታገባለች፣ የሚዜዎቹን ልብስ የምከታተለው እኔ ነኝ ተብሏል።

ከሁሉም ሥር ደግሞ የገንዘቡ ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዘይት ሲገዛም፣ የዓይን ጠብታ ሲገዛም፣ ሰው መጀመሪያ ልቡ ነው የሚደነግጠው። አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። ፕላን አውጪ ይባላል። አወጣሁ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ብቻ አራት ጊዜ አወጣሁ። ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ፣ ቀኑን በሰዓት ከፋፈልኩ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ጽሑፌን እሠራለሁ፣ ማታ ከ2 እስከ 3 ወንድሜን አስጠናለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት የዕቁቡን መዝገብ አስተካክላለሁ አልኩ። ሰኞ ይሄዳል። ማክሰኞም እንደምንም ይሄዳል። ረቡዕ አንድ ነገር ይመጣል፤ ለቅሶ፣ የመብራት መጥፋት፣ አለቃዬ «እስቲ ይችን ብቻ» የምትለኝ ሥራ። ሐሙስ ደብተሩን መክፈት ራሱ ያስጨንቀኛል። ከዚያ ፕላኑ ራሱ ካልተሠሩት ነገሮች አንዱ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ይጨመራል። የአበው ቃል አለ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚል። የኔ ፕላኖች ሁሉ እየሮጥኩ የታጠቅኳቸው ነበሩ።

የነቃሁት ቢሮ ውስጥ ነው። ታክሲው ጥሎኝ በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ የተቀጠረ ልጅ የሐምሌን መዝገብ አስቀድሞ ከፍቶ ቁጥር መሙላት ጀመረ። ትጉህ ልጅ ነው፣ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የክፍላችን ትልቅ ሰው ከጀርባው ቆመው አዩትና ቀስ ብለው «የኔ ልጅ፣ የዘንድሮው ሳይዘጋ የመጪውን መክፈቻ ሚዛን ከየት ታመጣዋለህ?» አሉት። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። እኔም ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ። አዲስ ዓመት በዜሮ እንደማይጀምር አውቃለሁ። የሐምሌ 1 ቁጥር የሚመጣው ከሰኔ 30 ቁጥር ነው፤ ያለህን፣ ያለብህን፣ የሚመጣልህን ሳታውቅ በጀት ብትይዝ የያዝከው ምኞት ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ይህን አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። ለራሴ ግን አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። አራቱም ፕላኖቼ የተጻፉት ዕዳ ለሌለባት፣ ለማይደክማት፣ እናቷ ለማትታመም አንዲት ሴት ነበር። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም።

እሁድ ሰኔ 15 እማዬን ቅድስት ሥላሴ አደረስኳትና ከአክስቴ ጋር ተውኳት። ድሮ ብቻዬን መሆን ስፈልግ የምቀመጥባት ፒያሳ ውስጥ አንዲት ካፌ ነበረች፤ በ2016 እነ ዶሮ ማነቂያ የሚባሉት የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እሷም አብራ ሄደች። አሁንም በዚያ ሳልፍ ዓይኔ ይፈልጋታል። አራት ኪሎ ሌላ ካፌ ገባሁ፣ ጥግ ይዤ ማኪያቶ አዘዝኩ። ደብተሬን አወጣሁና ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ዛሬ ስለ ነገ አንድ መስመር አልጽፍም። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው።

ከየት ልጀምር? ቀን በቀን የሚጽፍ ሰው ደብተሩን ይከፍታል፣ እኔ አልጽፍም። ግን ስልኬ ጽፎልኛል። የባንክና የቴሌብር መልእክቶቼን ከግንቦት 1 ጀምሮ አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰው ሕይወቱን እንዲህ ተጽፎ አግኝቶ የማያነብ መሆኑ ይገርመኛል። እያንዳንዷ መልእክት ቀን አላት፣ ሰዓት አላት፣ መጠን አላት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 11 ጊዜ ለራይድ ከፍያለሁ፤ 11 ምሽት ታክሲ እስኪያልቅ ቢሮ ቆይቻለሁ ማለት ነው። «ማታ ከ2 እስከ 3 አስጠናዋለሁ» ያልኩት ወንድሜ በእነዚያ ምሽቶች ብቻውን ነበር። ከደብረ ብርሃን ለሚመጡ ዘመዶች፣ ለመዋጮ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ ስጦታ የላክሁት ሲደመር ከደመወዜ አንድ አራተኛ በላይ ነው። እኔ ግን «ትንሽ ትንሽ ነው» ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ቴሌግራሜን ከፈትኩ። አለቃዬ ሥራ የምትልክልኝም፣ እኔ ሠርቼ የምልክላትም በዚያ ነው። እያንዳንዱን የባንክ ማስታረቂያ መቼ እንደተቀበልኩና መቼ እንደላክሁ ጻፍኩ። ስጠየቅ ሁልጊዜ «በአንድ ቀን አደርሰዋለሁ» ነው የምለው። ስድስት ወር ወደኋላ ሄጄ ቆጠርኩ። በአንድ ቀን ያደረስኩት አንድም የለም። ሁለት ቀን ተኩል፣ ሦስት ቀን፣ አንዴ አምስት ቀን። አንድ ሥራ ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ሦስት ቀን እየወሰደብኝ ሰባተኛውን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ከልቤ አምን ነበር። መዋሸት አይደለም። ወደኋላ አላየሁም።

ይህ የኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ቆይቼ አነበብኩ። በ1994 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ሮጀር ቡለር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የወሰደባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ክፉ ክፉውን አስበው የገመቱት እንኳ አልበቃም። ተመራማሪዎቹ እንዳዩት ሰው ስለሚመጣው ሥራ ሲገምት ዓይኑ ከፊቱ ያለው ምስል ላይ ብቻ ያርፋል፤ ያለፈው ልምዱ ያስተምረው ነበር፣ እሱ ግን ከግምቱ ውስጥ አያስገባውም። እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት፣ በዚያ እሁድ፣ የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ አስቤ ነበር። ሦስት ምዕራፍ ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። የቀሩትን ሁለቱን በሦስት ሳምንት፣ ያውም በሰኔ፣ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ካፌው ውስጥ ያንን ሳየው ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። አልቅሼ ነበር ብል ይቀላል። እፎይታ ነበር። እንደማይደርስ ሰውነቴ ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ወደ ዋናው ልምጣ። የባንክ ማስታረቂያ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ አንተ መዝገብህ ላይ ይህን ያህል ብር አለኝ ትላለህ፣ ባንኩ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይልክልሃል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ከማይገጥሙበት ምክንያት ዋናው ያልተመነዘረ ቼክ ነው። ቼክ ቆርጠህ ለሰው ሰጥተሃል፣ ሰውየው ገና ባንክ አልወሰደውም። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ይታያል፤ ያንተ ግን አይደለም። ባንኩ የሚያሳይህን አምነህ ብታወጣው አንድ ቀን ሁሉም ቼኮች ተከታትለው ይመጡና ሒሳብህ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

የኔ ቼክ «እሺ» የምትለው ቃል ናት።

እሺ ያልኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ከጥር ጀምሮ፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን ብዬ። ለአማካሪዬ ምዕራፍ አራትን እልካለሁ፣ እሺ። ለጎረቤታችን ልጅ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ እሺ። ለአክስቴ ልጅ፣ እሺ። ለአንድ የድሮ ጓደኛዬ የንግድ ፈቃድ ወረቀቷን አይላታለሁ፣ እሺ። ለዕቁቡ ሰብሳቢ፣ ለወንድሜ፣ ለአለቃዬ፣ ለእድራችን፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። 23 ሆኑ። 23 ቼክ ቆርጬ በትኛለሁ፣ ከእነሱ 17ቱ አልተመነዘሩም። ለእያንዳንዳቸው ስሰጥ የነበረኝ ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ እምቢ ማለት በኛ ዘንድ ቀላል አይደለም፣ ለታላቅ ሰውና ለዘመድ ደግሞ ጭራሽ። ግን ጥሩ ሐሳብ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ አይጨምርም። ገንዘብ የሌለው ቼክ የተቀበለ ሰው ደግሞ ቁርጡን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት በጣም የከበደችኝ። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ ቱቶር ያልፈለገው እኔ እሺ ስላልኩት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ማሰላሰልና መብሰልሰል ይለያያሉ። እኔ ለወራት ስብሰለሰል ነበር፤ ሌሊት ጣሪያ እያየሁ «ምን ይሻለኛል» እያልኩ። ያ ማሰብ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ አንድ ቦታ ይዞራል። ካፌ ውስጥ የሆነው የተለየ ነበር፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ነገር ቀንና ቁጥርና የሰው ስም ነበረው። «ሁሉም ነገር ከበደኝ» የሚለው ወረቀት ላይ ሲወርድ 17 ነገር ሆነ። 17 ብዙ ነው። ግን ያልቃል። (እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ያለው፣ ምግብ የተጠላበት፣ መኖር ያስጠላው ሰው ግን ደብተር ይበቃዋል እያልኩ አይደለም። ያ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው፣ ወደ ሐኪም መሄድም ነውር የለበትም።)

ማኪያቶው ቀዝቅዟል። ሁለተኛ አዘዝኩ። ነገን መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ቼክ ቆርጠህ መክፈል ካልቻልክ ሰውየውን ቀድመህ ሄደህ ታናግረዋለህ፣ ሌላ መንገድ የለውም። የትኞቹን እንደምከፍል ወሰንኩ። የእማዬ ዓይን፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝጊያ፣ የወንድሜ ፈተና። ሦስት። ለቀሩት ቀን የማስለውጠው አለ፣ መልሼ የምቀበለው አለ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የምደውልበትን ቀንና ሰዓት ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ «ሰኔ 19 እና 20 እናቴን ስለማሳክም አልኖርም። የሁለቱን ባንክ እስከ 25 አደርሳለሁ፣ ሦስተኛው ግን አንድ ሰው ካላገዘኝ አይደርስም። ከአሁኑ ላሳውቅዎት ብዬ ነው» አልኳት። እስክትመልስልኝ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቷን እያየች «ይህን ሰኔ 28 ብትነግሪኝ ነበር የምቆጣው» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ያንን አዲሱን ልጅ ላከችልኝ።

የቤቱን ውል ደግሞ ማታ አውጥቼ አነበብኩት። ነሐሴ 2016 ስፈርመው በጥድፊያ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፣ የኛም ውል የሁለት ዓመት ነው፤ እስከ ነሐሴ 2018። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር መልሱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ቡና ይዤ ሄድኩ። «እትዬ፣ ውላችን እኮ እስከ መጪው ዓመት ነሐሴ ነው። በሕጉ የተፈቀደ ጭማሪ ካለ እከፍላለሁ፣ 14,000 ግን አልችልም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኔንም እኮ ኑሮው ነው ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጆቻቸውን አስታውሰው ብዙ አወሩኝ። ቡናው ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። ኪራዩ ባለበት ቆየ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። አክስቴ ተቀይማለች። «ለዘመድ ጊዜ የለሽም ማለት ነው» አለችኝ፣ የሰርጉ ቀንም ፊቷ አልተፈታም። ያ እስከ ዛሬ ያመኛል። ለአማካሪዬ ጽሑፉን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እንዳዛወርኩ ስነግራቸው ምንም ክፉ አልተናገሩኝም፣ ነገር ግን የምዝገባ ክፍያ እንደገና እከፍላለሁ፣ አብረውኝ የጀመሩት ልጆች ጥቁር ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ ቆሜ አጨበጨብኩ። ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ቤት ስገባ ግን ራት አልበላሁም።

አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። እሁድ ከካፌው ስወጣ ከ17ቱ አንዱንም አልሠራሁም ነበር። አንድ ስልክ እንኳ አልደወልኩም። ያን ቀን ሌሊት ግን ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ። ለምን? በ1927 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ብሉማ ዘይጋርኒክ የምትባል ሊትዌኒያ የተወለደች ተመራማሪ ሰዎችን ትንንሽ ሥራ እየሰጠች፣ አንዳንዱን አስጨርሳ አንዳንዱን መሐል ላይ አቋረጠቻቸው። በኋላ ስትጠይቃቸው ያልጨረሱትን ነው በተሻለ ያስታወሱት። ያልተጠናቀቀ ነገር አእምሮን አይለቅም፣ ልብሱን ይዞ ይጎትታል። እስከዚህ ድረስ ማንም በራሱ ያውቀዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ማሲካምፖና ባውማይስተር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ግን የሚያስደስት ነገር ጨመሩበት። ያልጨረሱትን ጉዳይ እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎች ሌላ ነገር ሲያነቡ ሐሳባቸው ይበታተናል፤ ለዚያ ጉዳይ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚሠሩት ቁርጥ ያለ ዕቅድ የያዙት ግን ሐሳባቸው አልተበታተነም። ሥራው አልተሠራም፣ ዕቅዱ ብቻ ነው ያለው። አእምሮ መጎተቱን የሚተወው ጉዳዩ ባለቤትና ቀን እንዳገኘ ሲያምን ነው። ያምናል ነው ያልኩት። የየካቲት ፕላኖቼ ያላሳረፉኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ ውስጤ አላመናቸውም ነበር። በምን ያምናቸዋል? የኔ ታሪክ አልነበረባቸውም።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ተመልሰን፣ ዓይኗ ላይ ጋሻ ተለጥፎ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። በቀን አራት ጊዜ ጠብታ ነበረባት፣ የማታውን እያደረግኩላት ነው። ስለ ቼኩም፣ ስለ ጀርመኗም ሴት (በርሊን ስላልኳት ጀርመን አድርጋታለች) አወራኋት። ሰምታኝ ስታበቃ «እኛ ልጅ ሆነን ማታ በግ ሳይቆጠር በረት አይዘጋም» አለችኝ። የተወለደችው መንዝ ነው፣ በግ ጠብቃ ነው ያደገችው። «አባቴ በሩ ላይ ይቆማል። አንድ ሁለት እያለ ያስገባቸዋል። አንዲት ከጎደለች ገና ብርሃን ሳለ ትፈለጋለች፣ የት ጋ እንደዋልሽ ታስታውሻለሽና። ሳትቆጥሪ ከተኛሽ ግን ጠዋት መጥፋቷን ብቻ ነው የምታውቂው። ትናንት ትጥፋ፣ ከትናንት ወዲያ ትጥፋ፣ የት ትፈልጊያታለሽ?»

«አሁንም ትቆጥሪያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«በጉ የለም እንጂ መቁጠሩማ አለ። ማታ ከጸሎቴ በኋላ ቀኔን አስገባዋለሁ። ማንን አስቀየምኩ፣ ለማን ምን አልኩ፣ ምን ቀረኝ። ከዚያ በሩን እዘጋለሁ።»

ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በፍልሰታ ሱባኤ ስትገባ አይቻለሁ፣ ማታ ማታ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ጸሎት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አብሬያት አድጌ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማታ እቆጥራለሁ። አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ ቴሌቪዥን ሲጠፋ፣ አልጋ ላይ። ዛሬ ለማን እሺ አልኩ፣ ከቆረጥኩት የትኛው ተመነዘረ። ትልቁን ደግሞ በየወሩ 30ኛው ቀን፣ ከመልእክቶቼ ጋር አስታርቃለሁ። የሐምሌ 30ን ዘልዬዋለሁ፣ ደክሞኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ወዲያው ታወቀኝ፤ እንደገና ከንፈሬን መንከስ ጀምሬ ነበር፣ ቆጥሬ ሳይ አምስት አዲስ እሺ ሰጥቻለሁ። ሁለቱን በማግስቱ ደውዬ መለስኩ። አንዷ ሴትዮ «እንኳን ነገርሽኝ፣ ሌላ ሰው አለኝ» ብላ ሳቀች። ለካ እኔ ነኝ የፈራሁት።

ፈረንጆቹ አሥራ ሁለት ወራቸውን ጨርሰው ወዲያው አዲሱ ውስጥ ይገባሉ። እኛ መሐል ላይ ጳጉሜ አለችን። አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። አሮጌው ዓመት ሥራውን ጨርሷል፣ አዲሱ አልመጣም። ልጅ ሳለሁ ጳጉሜ ለምን እንደምትኖር አይገባኝም ነበር። አሁን ለኔ የመዝጊያ ቀኖች ናቸው። ዘንድሮ ከጳጉሜ 1 ጀምሬ የ2017ን ሙሉ ዓመት እያስታረቅኩ ነው፣ ወር በወር፤ ዛሬ ጳጉሜ 3 ሚያዝያ ላይ ደርሻለሁ። ወንድሜ ፈተናውን ተፈትኗል፣ ውጤቱ አልመጣም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት በየምሽቱ አስጠንቼዋለሁ። አክስቴ ጋ ለእንቁጣጣሽ እሄዳለሁ፣ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ «ነይ» ብላኛለች።

ይህን እየጻፍኩ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ ነው። የግቢው ልጆች ልብሳቸውን ጥለው «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይሮጣሉ፣ አከራያችን በረንዳ ላይ ቆመው ባልዲ እየደቀኑ ነው። እማዬ ሁለተኛው ዓይኗ ከመስከረም በኋላ ነው የሚሠራላት፤ በአንዱ ዓይኗ ግን ከመስኮቱ ጠብታውን አንድ በአንድ አየዋለሁ እያለችኝ ነው። ነጠላዋን አወለቀች፣ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ «ደብተሩን ተይውና ነይ፣ ሳያባራ» አለችኝ።

ሚያዝያን ነገ እጨርሰዋለሁ።